ሻጋታውን ከማስመርመር በፊት ውሃውን ፈልጉ

ክረምት በገባ ቁጥር ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ደብዳቤዎች መልካቸው ይለወጣል። ግድግዳዬ ጠቆረ፣ ኮርኒሴ አበጠ፣ ቤቴ ይሸታል የሚሉት ይበዛሉ። ዘንድሮ ደግሞ ብዙዎቻችሁ «ላስመርምር ወይ?» እያላችሁ ነው የጠየቃችሁት፣ ከአገር ቤትም ከውጭም። ጥያቄዎቹ ስለሚቀራረቡ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ረዘም ያለ መልስ የሚፈልገውን አስረዝሜ፣ አጭሩን አሳጥሬ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ዳር ላይ ያለ ቤት ውስጥ ነው። መኝታ ቤት ከቁምሳጥኑ ጀርባና ከላይ ጥጉ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። አምና ቀለም አስቀባን፣ ክረምት ሲገባ ተመለሰ። ዘንድሮ በበረኪና አጠብኩት፣ ወር ሳይሞላው እዚያው ቦታ ላይ ወጣ። ትንሹ ልጄን ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። ወንድሜ ከአሜሪካ የሻጋታ መመርመሪያ ልላክልሽ ይለኛል። ይጠቅመኝ ይሆን? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከጀሞ)

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ስላሰበልሽ ይመስገን፣ መመርመሪያው ግን ምንም አይጨምርልሽም። ሻጋታው እኮ ዓይንሽ ሥር ነው ያለው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት መመርመሪያዎች አብዛኞቹ ክዳናቸው ተከፍቶ ቤት ውስጥ የሚቀመጡ ትንንሽ ሳህኖች ናቸው። የሻጋታ ዘር ደግሞ የትም አየር ውስጥ አለ፣ በአንቺም ቤት፣ በእኔም ቤት፣ ውጭ ዛፉ ሥርም። ስለዚህ ሳህኑ ላይ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይበቅላል፤ መብቀሉ ግን ቤትሽ ችግር አለበት ማለት አይደለም፣ ባይበቅልም ቤትሽ ደህና ነው ማለት አይደለም።

በማሽን አየር ስቦ ናሙናውን ለላብራቶሪ የሚሰጥ ባለሙያ ብታገኚ እንኳ ውጤቱ የሚነግርሽ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ይህን ያህል ዘር ተቆጠረ ብሎ ነው። ብዙ ነው? ትንሽ ነው? ይህን የሚፈርድ የተስማሙበት መለኪያ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት እርጥበትና ሻጋታ መመሪያ ሲያወጣ «ከዚህ ቁጥር በላይ አደገኛ ነው» የሚል ወሰን አላስቀመጠም። ያለው እርጥበቱንና ሻጋታውን ከቤት አጥፉ ነው። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ሻጋታው በዓይን ከታየ ናሙና መውሰድ በአብዛኛው አያስፈልግም ይላል። ቁጥሩም ራሱ አይረጋም፤ ጠዋት የተወሰደው ናሙናና ምንጣፍ ከተራገፈ በኋላ የተወሰደው ናሙና የሁለት የተለያዩ ቤቶች ሊመስሉ ይችላሉ።

አንቺ መፈለግ ያለብሽ ውሃውን ነው። ሻጋታ ያለ ውሃ አይኖርም። ምግቡን ከቀለሙም፣ ከአቧራውም፣ ከእንጨቱም ያገኛል፣ ያ ሁሌም ቤት ውስጥ አለ፤ ልትነፍጊው የምትችይው ነገር ቢኖር ውሃውን ብቻ ነው።

ውሃው የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው። ከውጭ ሊገባ ይችላል፣ በተሰነጠቀ ግድግዳ፣ በተቀደደ ቆርቆሮ፣ በሞላ አሸንዳ። ከውስጥ ሊፈስ ይችላል፣ ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረ ቧንቧ ወይም ከሻወር ፍሳሽ። ወይም ደግሞ ከቤቱ አየር ራሱ ይመጣል። የአንቺ ደብዳቤ ሦስተኛውን በጣም ይመስላል፣ ቦታው ይናገራል፦ የዳር ቤት፣ ወደ ውጭ የሚመለከት ግድግዳ፣ ቁምሳጥን የተጠጋበት፣ የላይ ጥግ። የውጭው ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ሌሊት ይበርዳል። ቁምሳጥኑ ተጣብቆበት ከጀርባው አየር አይዘዋወርም። የቤቱ ሞቃት አየር የተሸከመው እንፋሎት እዚያ ብርድ ላይ ሲደርስ ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው ግድግዳው ያልበዋል። አራት ሰው ያለበት ቤት በማብሰል፣ በመታጠብ፣ ልብስ ቤት ውስጥ በማድረቅና በመተንፈስ ብቻ በቀን እስከ 10 ሊትር ውሃ አየር ውስጥ ሊለቅ ይችላል። በክረምት መስኮቱ ተዘግቶ፣ ልብሱ ሳሎን ተሰጥቶ፣ ወጡ ሲንተከተክ ያ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል? ያገኘው ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ነው የሚያርፈው።

በእርግጠኝነት ለማወቅ ይህን አድርጊ። ቁምሳጥኑን አንሺው። ግድግዳውን በጨርቅ አድርቂና ከሻጋታው ጎን ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ንጹሕ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገሽ ለጥፊ። ሁለት ቀን ተይው። እርጥበቱ ከላስቲኩ ፊት፣ ማለትም ወደ ክፍሉ በኩል ከታየ የመጣው ከቤቱ አየር ነው። ከላስቲኩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ከታየ ግን ውሃው በግድግዳው ውስጥ እየመጣ ነው፣ ያኔ ከውጭ ስንጥቁንና አሸንዳውን የሚያይ ሰው ያስፈልግሻል። ይህ ምርመራ የሚፈጀው ላስቲክና ፕላስተር ብቻ ነው። ላብራቶሪው የማይነግርሽን ይነግርሻል።

ወንድምሽ የሆነ ነገር ልላክ ካለ የእርጥበት መለኪያ ይላክልሽ። ትንሽ ዕቃ ነው፣ ከሰዓት አይበልጥም፣ የአየሩን እርጥበት በመቶኛ ያሳያል። ከ60 በመቶ በታች መሆን አለበት፣ ከ30 እስከ 50 ባለው ውስጥ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። መኝታ ቤት አስቀምጪውና ልብስ ስታሰጪ፣ ስታበስይ፣ ጠዋት ስትነሺ አንብቢው። የትኛው ነገር ቁጥሩን እንደሚያስወነጭፈው በአንድ ሳምንት ውስጥ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ከዚያ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ጋት አርቂው፣ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዙሪው። ልብሱ በረንዳ ላይ ይሰጣ፣ ዝናብ ከሆነም መስኮቱ ተከፍቶ በሩ ተዘግቶ በአንድ ክፍል ብቻ። ስታበስይ የወጥ ቤቱን መስኮት ክፈቺ፣ ድስቱን ክደኚ። ጠዋት ለአጭር ጊዜም ቢሆን ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶችን ክፈቺ። ብርድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ያ ሁሉ የሌሊት ትንፋሽ መውጫ ያስፈልገዋል።

ግድግዳውን ስታጸጂ ጓንት፣ መነጽርና ኤን 95 የሚባለውን ማስክ አድርጊ፣ ልጆቹን ከክፍሉ አስወጪ። በደረቁ አትፈግፍጊው፣ ዘሩን ታበትኚዋለሽ። በሳሙናና ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠርገሽ አድርቂው። አንድ ሜትር ካሬ ለማይሞላ ሻጋታ ይህ ይበቃል። በረኪናው ያልሠራልሽ ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ቀለሙን አነጣው፣ ውሃው ግን እዚያው ስለነበር ሻጋታው ተመለሰ። አንድ ነገር አደራ፣ በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ወይም ከኮምጣጤ ጋር እንዳትቀላቅይ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ቀለሙ ደግሞ የመጨረሻው ሥራ ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል፣ ገንዘብሽም አብሮ።

ስለ ልጅሽ ሳል፣ ሐኪም ዘንድ ስትወስጂው መኝታ ቤቱ ሻጋታ እንዳለበት ንገሪያቸው። ብዙ ወላጆች አይናገሩም፣ ሐኪሙም አይጠይቅም። እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት አስምን እንደሚያባብስ የታወቀ ነው። እስከዚያው ልጁ ሌላ ክፍል ይተኛ።

ጥያቄ፦ ሰሚት ነው የምኖረው። የሻወሬ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ወጥቶ እየሰፋ ነው፣ ዳሩ ላይ ደግሞ ሻጋታ ጀምሯል። ከላይ ያሉት ጎረቤቶቼ ከእኛ አይደለም ይላሉ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ መጣላት አልፈልግም። በምን ላረጋግጥ? (ወ.፣ ከሰሚት)

መልስ፦ ዳሩ የጠቆረ ቡናማ ክብ የፍሳሽ ምልክት ነው፣ የአየር እርጥበት እንዲህ አያደርግም። ጥያቄው የማን ፍሳሽ ነው የሚለው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከራስህ ጀምር። ሁሉንም ቧንቧ ዝጋ፣ ሮቶ ካለህ ሞልቶ መግባት እስኪያቆም ጠብቅና የውሃ ቆጣሪውን ተመልከት። ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ያንተ ቧንቧ ያፈሳል። ካልዞረ ወደ ላይ ውጣ፣ ግን ለክስ ሳይሆን «አባባ፣ አብረን እንየው» ብለህ። እሳቸውም ቆጣሪያቸውን በዚያው መንገድ ያዩ። የእሳቸውም ካልዞረ ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ ደህና ነው፣ የቀረው ፍሳሹና የወለሉ ሴራሚክ ነው። የምግብ ቀለም በውሃ በጥብጣችሁ ሻወራቸው ፍሳሽ ውስጥ አፍስሱ። ቀለሙ አንተ ኮርኒስ ላይ ከወጣ ክርክሩ አለቀ። ካልወጣ የፍሳሹን አፍ ደፍናችሁ ወለሉ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ አቁሙና አንድ ቀን ጠብቁ፣ በሴራሚኩ መጋጠሚያ የሚሰርገው በዚህ ይታወቃል። አብሮ ያየ ሰው አይከራከርም። ወጪውን እንዴት እንደምትካፈሉ ሳኒተሪው ዋጋ ከተናገረ በኋላ በማኅበሩ ኮሚቴ ፊት ብትነጋገሩ ይሻላል።

ኮርኒሱ ጂፕሰም ከሆነና ሻጋታው ውስጡ ከገባ አይጸዳም፣ ያ ክፍል ተቆርጦ መውጣት አለበት። ግን ፍሳሹ ሳይዘጋ አዲሱን እንዳታሰቅል። ወደፊት ደግሞ ውሃ ሲፈስ አትጠብቁ፤ የራሰ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ከደረቀ ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ አይዝም።

ጥያቄ፦ ጥቁሩ ሻጋታ ገዳይ ነው፣ አረንጓዴው ችግር የለውም የሚል ቪዲዮ አየሁ። የእኔ አረንጓዴ ነው። ልተወው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አትተወው። ቀለሙ ምንም አይነግርህም። የ«ገዳይ ጥቁር ሻጋታ» ወሬ ትልቁ መነሻው በ1993 እና 1994 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ ክሊቭላንድ ከተማ የሆነው ነገር ነው። ጥቂት ሕፃናት ሳንባቸው ደምቶ ታመሙ፣ የሞቱም ነበሩ። መርማሪዎች ቤታቸው ውስጥ ስታኪቦትሪስ የሚባለውን ጥቁር ሻጋታ አገኙና ጥርጣሬው እሱ ላይ ወደቀ። በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ጥናቱን እንደገና መርምሮ ግንኙነቱ አልተረጋገጠም አለ። ማረሚያው ግን እንደ መጀመሪያው ወሬ አልተሰማም። ብዙ ዓይነት ጥቁር ሻጋታ አለ፣ የተለመዱት ሌሎች ናቸው። ማንኛውም ቀለም ያለው ሻጋታ ግን አስም፣ አለርጂ ወይም የተዳከመ በሽታ የመከላከል አቅም ያለውን ሰው ይጎዳል። ካንሰር የሚታከም ወይም የአካል ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ቤትህ ካለ በተለይ ሻጋታ የሚጸዳበት ክፍል አጠገብ እንዳይደርስ።

ይህን ሳነሳ ግን ምግብን ለይቼ ልናገር። እርጥብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ በርበሬ፣ ኦቾሎኒ ወይም በቆሎ ላይ የሚወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፣ እሱን ደግሞ ምጣድም ድስትም አያጠፋውም። በምግብ ላይ የላብራቶሪ ምርመራ ትልቅ ትርጉም አለው። ቤት ውስጥ ግን ቀላሉ ነገር የሻገተውን መጣል ነው። አራግፎ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማስፈጨት አያድንም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ቤት ልገዛ ነው። ቤዝመንቱ (ከመሬት በታች ያለው ፎቅ) ለመኖሪያ የተሠራ ነው፣ ልጄ እዚያ ነው የሚተኛው። መርማሪው የሻጋታ አየር ናሙናና የራዶን ምርመራ ለየብቻ አስከፍዬ ልሥራ ይላል። ሻጋታ ቢገኝ ድርጅቱ ራሱ ያጸዳል። ሁለቱንም ላሠራ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የራዶኑን አሁኑኑ ያሠሩ። የሻጋታ ናሙናውን ይተዉት።

ሻጋታን አትመርምሩ እያልኩ የቆየሁት በዓይን ስለሚታይ፣ ስለሚሸት፣ ምልክት ስለሚተው ነው። ራዶን ግን ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ቢኖር እንኳ የሚሰማው ሰው የለም። መሬት ውስጥ ካለው ዩራኒየም የሚወጣ ጨረር ያለው ጋዝ ነው፣ በወለል ስንጥቅና በቧንቧ ቀዳዳ በኩል ወደ ቤዝመንት ይገባል። ከሲጋራ ቀጥሎ ለሳንባ ካንሰር ዋነኛው ምክንያት እሱ ነው፤ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በአሜሪካ ብቻ በዓመት 21,000 ያህል ሰው በዚህ እንደሚሞት ይገምታል። ሰውየው የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ አደጋው እጅግ ይከፋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ኤጀንሲው ከፍተኛ ራዶን ይጠበቅባቸዋል ብሎ በመጀመሪያው ደረጃ ከመደባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ካውንቲው ራሱ ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ የአንድ ቤተሰብ ቤት ሲሸጥ የራዶን ምርመራ እንዲደረግ በሕግ ያስገድዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሻጩን ውጤቱን ይጠይቁ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ደግሞ አዲስ ይደረግ።

መለኪያው የሚቀመጠው ሰው በሚኖርበት ዝቅተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ በእርስዎ ቤት የልጅዎ መኝታ ክፍል። ከወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፣ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ይራቅ። ምርመራው ከመጀመሩ 12 ሰዓታት አስቀድሞ መስኮትና የውጭ በር ይዘጋ፣ ምርመራው እስኪያልቅም ተዘግቶ ይቆይ። ሻጩ እየኖረበት ከሆነ ይህ መጠበቁን ያጣሩ፣ መስኮት ተከፍቶ የተለካ ራዶን ዋጋ የለውም። ውጤቱ 4 ፒኮኪዩሪ በሊትር (ራዶን የሚለካበት መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መስተካከል አለበት። ቤቱን ግን በዚህ ምክንያት ብቻ እንዳይተዉት። ከወለሉ ሥር አየሩን በቧንቧና በፋን ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚያስወጣ ሥርዓት ይገጠማል፣ በደንብ ይሠራል፣ በድርድር ወቅት ሻጩ እንዲያስገጥም መጠየቅም የተለመደ ነው። ከገቡ በኋላ ከሦስት ወር በላይ በሚቆይ መለኪያ አንዴ ይድገሙት፣ ራዶን በክረምትና በበጋ ይለያያል።

ለሻጋታው፣ መርማሪው ናሙናውን ትቶ የእርጥበት መለኪያውን ይዞ ቤዝመንቱን ግድግዳ ለግድግዳ ይለካልዎት። አዲስ ቀለም የተቀባ አንድ ጥግ ብቻ ካለ፣ ምንጣፉ ሥር ሽታ ካለ፣ ግድግዳው ታች ነጭ የጨው ዱቄት ካወጣ እዚያ ውሃ ገብቶ ያውቃል። ምንጣፉ ጥጉ ላይ ይነሳልኝ ይበሉ፣ መብትዎ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፦ ሻጋታ አለ ብሎ የሚናገረውና አጽድቶ የሚከፈለው አንድ ድርጅት መሆን የለበትም። ኒው ዮርክና ቴክሳስ ይህን በሕግ ከልክለዋል፣ መርማሪውና አጽጂው በአንድ ሥራ ላይ የተለያዩ መሆን አለባቸው። ሜሪላንድ ሆነው ሕጉ ባያስገድድዎትም በዚያው መንገድ ይሂዱ።

ናሙና ትርጉም የሚኖረው መቼ ነው ካሉኝ፣ ሽታው አለ፣ ሰው ይታመማል፣ ምንጩ ግን ግድግዳ ተከፍቶም ካልታየ፣ ወይም ከባለቤት ጋር ክርክር ገብቶ ማስረጃ ካስፈለገ። ያኔም የውጭው አየር ናሙና አብሮ ካልተወሰደ አይቀበሉ፣ የሚነጻጸርበት የለውምና።

ጥያቄ፦ ለንደን የካውንስል (የአካባቢው መስተዳድር) ቤት ነው ያለሁት። የልጆቼ ክፍል ሻጋታ ከያዘ ሁለት ክረምት ሆነው። ስደውል «መስኮት ክፈቺ፣ ልብስ ቤት ውስጥ አታስጪ» ይሉኛል። በግሌ ከፍዬ ላስመርምር? (እናት፣ ከለንደን)

መልስ፦ ገንዘብሽን አታውጪ፣ መመርመር የእነሱ ግዴታ ነው። ሮችዴል ከተማ አዋብ ኢስሃቅ የሚባል ሕፃን ሁለት ዓመት እንደሞላው በዲሴምበር 2020 እ.ኤ.አ. ሞተ። ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ ናቸው። አባቱ ስለ ሻጋታው ያመለከተው በ2017 ነበር፣ የተሰጠው መልስም ቀለም ቀባበት የሚል ነው። በኖቬምበር 2022 የአሟሟት መርማሪዋ ሕፃኑ የሞተው ቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በቆየበት ሻጋታ ምክንያት ነው ብላ ወሰነች። በእሱ ስም የወጣው ሕግ ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ ይሠራል፤ የካውንስልና የሀውሲንግ አሶሲዬሽን (የቤት አከራይ ማኅበራት) ቤቶችን ይመለከታል። ከባድ እርጥበትና ሻጋታ ሲነገራቸው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መርምረው፣ አደጋ ካለ ደግሞ ምርመራው ባለቀ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ቤቱን ከአደጋ ነፃ ማድረግ አለባቸው። አስቸኳይ አደጋ ከሆነ 24 ሰዓት ነው ያላቸው።

ስለዚህ መደወሉን ተይና ጻፊ። በኢሜይል፣ ቀን ያለበት ፎቶ አያይዘሽ፣ ልጅ እንደሚተኛበትና የሚታመም ካለም እየጠቀስሽ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ ልጆችሽ ሳይሆኑ አዋቂ ሰው ይጻፍልሽ፣ አስተርጓሚም ጠይቂ። ከጂፒሽ (ከቤተሰብ ሐኪምሽ) አጭር ደብዳቤ አስጽፊ። መስኮት ትከፍቻለሽ ወይ ሲሉሽ የእርጥበት መለኪያ ፎቶ ብታሳዪያቸው ይጠቅምሻል፣ ሙቀቱን ከፍተሽ መስኮቱን ከፍተሽም ቁጥሩ ካልወረደ ችግሩ የአንቺ አኗኗር አይደለም። የቅሬታ ሂደታቸውን ጨርሰሽ ካልሰሙሽ የተከራዮችን ቅሬታ ወደሚያየው ሀውሲንግ ኦምቡድስማን ሂጂ፣ ክፍያ የለውም።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምሠራው። የምተኛበት ክፍል መስኮት የለውም፣ ኤሲው ዙሪያ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፣ ሲበራ ይሸታል። (ከጅዳ)

መልስ፦ እህቴ፣ የባሕሩ እርጥብ አየር ቀዝቃዛው ኤሲ ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል፣ ውስጡ አቧራ አለ፣ ሻጋታው እዚያ ይበቅላል። ኤሲውን ከሶኬት ነቅለሽ ፊቱን ክፈቺና ማጣሪያውን አውጥተሽ በሳሙና እጠቢ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትመልሺው። ይህን በየሁለት ሳምንቱ ድገሚው። ውሃው የሚወጣበት ቱቦ ከተደፈነ ግን ባለሙያ ነው የሚያስፈልገው፤ ለአሠሪዎችሽ ስትነግሪ «ውሃ ያንጠባጥባል፣ ግድግዳውን ያበላሻል» ብለሽ ጀምሪ፣ ቶሎ ይሰማሉ። የማቀዝቀዣውን ቁጥር በጣም አታውርጂው፣ 24 ወይም 25 ላይ ሲሆን ግድግዳው አያልበውም። በሩን ቀን ክፍት ተይው።

ጥያቄ፦ አራስ ነኝ። እናቴ ልትጠይቀኝ ከደብረ ብርሃን መጥታ መኝታ ቤት የከሰል ምድጃ ታስገባለች፣ ለሕፃኑ ብርድ ነው ብላ። «ከሰሉ በደንብ ተያይዞ ከነጣ አይጎዳም» ትላለች። ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል። የአራስነት ነው ወይስ የከሰሉ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ስታነቢ ምድጃው ክፍሉ ውስጥ ካለ አሁኑኑ አስወጪው፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ ሕፃኑን ይዘሽ ውጪ። ዛሬ ማታም እንዳይገባ።

እናትሽ የሚሉት በብዙ ቤት የሚባል ነው፣ ግን ስህተት ነው፣ በየዓመቱም ሰው የሚቀጥፍ ስህተት። ከሰሉ ሲነጣ የሚጠፋው የሚታየው ጭስ ብቻ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ መውጣቱን ይቀጥላል፣ እሱ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰው እየታፈነ መሆኑን አያውቅም፣ እንቅልፍ ይመጣበታል፣ ከእንቅልፉም ላይነሳ ይችላል። ሕፃን ከእኛ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ቶሎ ይጎዳል፣ ራሴን አመመኝ ብሎም አይናገርም።

ራስ ምታቱ ከቤት ስትወጪ የሚሻልሽ፣ ቤት ውስጥ ያሉት ሌሎችም አብረው የሚያማቸው፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ያለው ከሆነ ከሰሉ ነው ብለሽ ያዢ። ሕፃኑ ከተለመደው በላይ ከተኛ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ካስታወከ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱና «ከሰል ቤት ውስጥ ነበር» ብላችሁ ተናገሩ። ሕክምናው ኦክስጅን ነው፣ ሐኪሙ ግን ካልተነገረው ሌላ በሽታ ሊፈልግ ይችላል። መስኮት ገርበብ ማድረግ አስተማማኝ አይደለም። ጄነሬተርም እንደዚሁ ነው፣ በረንዳ ላይም ቢሆን መስኮት ሥር አይቀመጥም።

ለእናትሽ በእኔ አሳብቢ፣ «ሐኪሙ ከልክሏል» በያቸው፣ ከልጅ ክርክር ይልቅ ይህን ይሰማሉ። ብርዱን በሌላ እንከላከለው፦ ሕፃኑን በድርብርብ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ካንቺ ገላ ጋር በማስጠጋት። አልጋውን በሙቅ ውሃ ጠርሙስ ማሞቅም ይቻላል፣ ሕፃኑ ከመተኛቱ በፊት ግን ጠርሙሱ ይውጣ። ቡናው ይፈላ፣ ግን ሳሎን ደጁ ተከፍቶ ወይም በረንዳ ላይ፣ ምድጃውም ቡናው እንዳለቀ ከቤት ይውጣ።

ከውጭ ዘመድ የሚመጣ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልግሽ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው፣ ጋዙ ሲጨምር ይጮኻል። የምትተኙበት ክፍል አጠገብ ስቀሉት፣ የሙከራ ቁልፉን በየወሩ ተጫኑት፣ ጀርባው ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ዘመን ሲያልፍም በአዲስ ቀይሩት።